ጫፉን ለአክስትዬ

«ለእሳቸው ከማድቤቱ ጎን ያለችውን ክፍል አድርገንላቸዋል» አለች የአክስትዬ የወንድሟ ሚስት በስልክ። «ኧረ ምን ይከፋቸዋል! ጠበብ ያለ ነገር ነው የሚወዱት። ሥጋ እንኳ ሲቆረጥ ጫፏን ነው የሚመርጡት፤ መሃሉን ብትሰጫቸው አይነኩትም።»

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል። የአክስትዬ ጆሮ ግን ያን ቅዳሜ ጠዋት ባዳነቱን ትቶ እያንዳንዷን ቃል ለቅሞ አመጣላት። የታጠበ የጠረጴዛ ልብስ ክንዷ ላይ ጣል አድርጋ ኮሪደሩ ላይ ቆማ ነበር። የመኝታ ቤቱ በር ገርበብ ብሏል። የወንድሟ ሚስት አልጋው ላይ ተቀምጣ፣ ስልኩን በትከሻዋና በጉንጯ መሃል ሰክታ፣ ካልሲ እያጣጠፈች ካርቶን ውስጥ ትከታለች። ድምጿ ውስጥ ክፋት የሚባል ነገር አልነበረም፤ ነገሩን ከባድ ያደረገውም ይኸው ነው። ክፉ ሰው ቢናገር ይረገማል፣ ይታማል፣ ሆድም ይቀለዋል። ይህቺ ሴት ግን አክስትዬን ጉልበቷን ባመማት ጊዜ ሙቅ ውሃ በላስቲክ እየሞላች እግሯ ሥር ስታኖርላት የከረመች ናት። ስለ እሷ ስታወራም «እሳቸው» ብላ ነው። አንቱታው አልጎደለም። የጎደለው መስኮት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ወንድሟ ከነቤተሰቡ ከኖረበት የኪራይ ቤት ለቆ፣ ዕድሜ ልኩን ሲቆጥብለት የኖረው አፓርታማ ሊገባ ነው። አሮጌው ቤት ሰፊ ነው፤ ጣሪያው ያፈሳል፣ በሩም በትከሻ ካልተገፋ አይዘጋም። አዲሱ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ገና ቀለም ቀለም ይሸታል፣ ሁሉ ነገሩ ያብለጨልጫል፣ ስፋቱ ግን ቆጠብ ተደርጓል። አንድ የባልና ሚስት መኝታ ቤት አለ። አንድ ወደ መንገድ የሚያይ መስኮት ያለው ክፍል አለ። አንዲት ደግሞ ከማድቤቱ ጎን፣ ግንበኞቹ ዕቃ ይቀመጥባት ብለው የተዋት አለች። ሴት ልጃቸው በቅርቡ ስለምታገባ አብራቸው አትገባም። መስኮት ያለው ክፍል ለእንግዳ ተባለ፤ ሲዘረጋ አልጋ የሚሆን ሶፋም ተገዛለት። እንግዳ የሚባለው ያው የሚስትየው እህት ነው፤ ብትበዛ በዓመት አንዴ ትመጣለች፣ ያውም ሁለት ቀን ካደረች ባሏ ይናፍቃትና ትመለሳለች። አክስትዬ የእንግዳ ክፍል መኖሩን ሰምታለች። የራሷ የት እንደሆነ ግን የነገራት የለም፤ እሷም አልጠየቀችም።

«አክስትዬ» ብላ ስም ያወጣችላት የወንድሟ ልጅ ናት። ስም ይወጣል ከቤት፣ ይከተላል ጎረቤት እንዲሉ፣ ዛሬ በዕድሜ የሚበልጣት የሰፈሩ ዘበኛ ሳይቀር «አክስትዬ፣ እንዴት አደርሽ» ይላታል። አግብታ አታውቅም። እናቷ የአንድ ፋብሪካ ሠራተኞች ምግብ ቤት ውስጥ ሥጋ ቆራጭ ነበረች፤ እናት ስትሞት ቢላዋውም፣ ሥራውም፣ ገና ትምህርት ያልጨረሰው ታናሽ ወንድሟም ወደ እሷ ዞሩ። የምግብ ቤቱ ማድቤት ከመሬት በታች ነበር። ሳይነጋ ትወርዳለች፣ ከመሸ ትወጣለች። አምፖሉ ሲበራ ነጋ፣ ሲጠፋ መሸ። ፀሐይን የምታያት በዕረፍት ቀኗ ብቻ ነበር። ጡረታ ስትወጣ ባልደረቦቿ ኬክ አስቆረሷትና «ከእንግዲህ ምን ትሠሪያለሽ?» አሏት። «እቀመጣለሁ» አለች። ሳቁ። የት እንደምትቀመጥ አልጠየቋትም እንጂ ቦታውን አስባበት ነበር። መስኮት ሥር ነው። በአሮጌው ቤት ከልጅቱ ጋር በምትጋራው ክፍል አልጋዋን መስኮቱ ሥር አስጠጋች፤ በየጠዋቱ ቁጭ ብላ ፀጉር አስተካካዩ የሱቁን መዝጊያ ሲያነሳ፣ ተማሪዎች ሲላፉ፣ የማዶዋ ሴት ልብስ ስታሰጣ ታያለች። የረባ ነገር አይታይም። እሷ ግን ጡረታዬ የምትለው በየወሩ የሚመጣውን ብር ሳይሆን ይህንን ነበር፤ ያውም በሆዷ።

የሥጋው ጫፍ ወሬም ከዚያው ማድቤት የመጣ ነው። ቆራጭ የመጀመሪያዋን ቁራጭ ከጫፍ ወስዳ ራሷ ትቀምሳለች፤ ይህ የእናቷ ሕግ ነበር። ጨው ገብቶታል ወይ? ውስጡ በስሏል ወይ? ከሁሉም በላይ ደግሞ የሥጋው ክር ወዴት እንደሚሄድ የሚናገረው ጫፉ ነው። ሥጋ እንደ ጨርቅ ክር አለው። ቢላዋው ክሩን ተከትሎ ከሄደ በላተኛው ገመድ ሲያኝክ ይውላል፤ ክሩን አቋርጦ ከሄደ ግን ሥጋው አፍ ውስጥ ራሱ ይፈታል። ስለዚህ ለአክስትዬ ጫፍ ማለት ምግብ አይደለም፣ ሥራ ነው። የደረቀ፣ የጠቆረ፣ ጨውና ቁንዶ በርበሬ የተጣበቀበት፣ ጥርስ የሚፈትን ነገር ነው። አንድ ቀን የወንድሟ ልጅ፣ ያኔ ገና ወንበር ላይ ካልቆመች ጠረጴዛው የማይታያት ሕፃን ነበረች፣ አክስቷ ጫፉን ቆርጣ ስትጎርስ አይታ «አክስትዬ ጫፍ ትወዳለች!» ብላ ጮኸች። አባቷ ሳቀ፣ እናቷ ሳቀች፣ አክስትዬም ሳቀች። መሳቋ እንደ ፊርማ ተቆጠረ። ከዚያ ወዲህ ሥጋ በቀረበ ቁጥር ወንድሟ እጁን አንስቶ «ጫፉን ለአክስትዬ!» ይላል። አንዴማ ሰርግ ቤት ሄዶ፣ ከጓደኞቹ እየተጋፋ ጫፉን አስቀርቶ፣ በወረቀት ጠቅልሎ በኮት ኪሱ አምጥቶላታል። ኮቱ በጮማ ተበላሸ። እንዲህ ላለ ፍቅር እንዴት ተብሎ «አልወድም» ይባላል? በላች። ዓመት ዓመትን ሲወልድም እንዲሁ ስትበላ ኖረች።

ያን ጠዋት የጠረጴዛ ልብሱን አልጋዋ ላይ አስቀምጣ ዘንቢሏን ይዛ ወጣች። የዚያን ቀን ምሳ በአሮጌው ቤት የመጨረሻው ትልቅ ምሳ ነው። የልጅቱ እጮኛ ይመጣል፤ ወንድሟም «እታለም፣ ያንን ምድጃ ውስጥ የምታበስይውን ሥጋ ሥሪልን» ብሏት ነበር። ሥጋ ቤቱ ሁለት መንገድ ተሻግሮ ነው። ባለቤቱን ሰው ሁሉ «ሞረድ» ይለዋል፤ ቢላዋ የሚስልበት ብረት ከእጁ አይለይም፣ ደንበኛ ባይኖርም ዝም ብሎ ይሞርዳል። ዋጋው እንደገና ጨምሯል። ሰሌዳው ላይ የቆየው ቁጥር በመዳፍ ጠረግ ተደርጎ አዲሱ በላዩ ተጽፏል፤ አሮጌው ግን ከሥር ብዥ ብሎ ይታያል፣ ሰው እንዲቆጭ። አክስትዬ ሽንጥ፣ ከነጮማው፣ ወጥ ሆኖ ያልተሸነሸነ አለችው።

«እንግዳ አለ ማለት ነው» አለ ሞረድ።

«የልጅቱ እጮኛ ነው።»

«ታዲያ ፊትሽ ምነው ለቅሶ የምትደርሺ አስመሰለሽ?»

አክስትዬ «አንዲት የማውቃት ሴት አለች» ብላ ጀመረች። «አንዲት የማውቃት ሴት» የምትባለው ሴት በዚህ ዓለም የስንቱን ችግር እንደተሸከመች ቆጥሮ የጨረሰ የለም። ይህቺ ሴት እንግዲህ የማትፈልገው ክፍል ተሰጥቷታል፤ የሰጧት የሚወዷት ሰዎች ናቸው፤ እሷም አልተናገረችም፤ ብትናገር ውለታ ቢስ ትባላለች። ሞረድ ሥጋውን እያዞረ፣ ትርፉን ጅማት እየገፈፈ እስከ መጨረሻው ሰማ።

«ዝምታ ለበግም አልበጃት፣ ሃምሳ ሆና አንድ ነብር ፈጃት» አለ።

«እሱ የበግ ተረት ነው። እኔ የመጣሁት ለበሬ ነው።»

ሳቀ፣ እሷም ሳቀች። ጥቅሉን ሲያቀብላት ግን ቶሎ አልለቀቀውም። «ለዚያች ለምታውቂያት ሴት ሰላም በይልኝ» አለ። «እሷ ካልነገረቻቸው ሌላ ማን ሊነግራቸው ነው?»

ከሥጋ ቤቱ ስትወጣ ወንድሟ በመኪና አገኛት። መጋረጃዎቹን አዲሱ ቤት ሊያደርስ እየሄደ ነበርና ካላየሽው ብሎ አሳፈራት። ወንድሟ መነጽር ቤት አለው፤ ቀኑን ሙሉ የሰው ዓይን ሲለካ ይውላል፣ አጠገቡ ያለውን ግን ካልነገሩት አያይም። ደግ ሰው ነው፤ ደግነቱንም ቶሎ እንዲያዩለት ይፈልጋል። ደረጃውን እያለከለኩ ወጡ፤ ሊፍቱ ገና አልተገጠመም። በቀጥታ ከማድቤቱ ጎን ወዳለችው ክፍል ወሰዳት። በሩን ከፍቶ እጁን ወደ ማብሪያው ሰደደና «እይ!» አላት። ነጭ ብርሃን ቦግ አለ። ክፍሏ አንድ አልጋና አንድ ሰው ትይዛለች፤ አክስትዬ ሁለት እጇን ብትዘረጋ ግራና ቀኝ ግድግዳው ይነካት ነበር። በጥጉ በኩል የውሃ ቱቦ ከጣሪያ ወደ ወለል ይወርዳል፤ ከላይ ያለ ሰው ውሃ ሲለቅ ይንሾካሾካል። ወንድሟ መደርደሪያ አስመትቶላታል፤ ኮት መስቀያም አለ። «ከማድቤቱ አንድ እርምጃ ነው፣ ጉልበትሽን አያደክምሽም» አለ። «አምፖሉን ደግሞ የቀን ብርሃን የሚመስለውን ነው የገዛሁልሽ። ውድ ነው፣ ግን ላንቺ የማይሆን ለማን ይሆናል?»

አክስትዬ አምፖሉን አየችው። የፋብሪካው ማድቤት አምፖልም እንዲሁ ነጭ ነበር። «ጥሩ ነው» አለች። ወንድሟ ፊቱ በራ። እሱ መጋረጃ ሊያራግፍ ሲሄድ እሷ የእንግዳውን ክፍል ገፋ አድርጋ ገባች። ሶፋው ከነላስቲኩ ተቀምጧል። መስኮቱ አጠገብ ቆመች። ታች ጫማ ጠጋኝ አለ፣ አውቶቡስ የሚጠብቁ ሰዎች አሉ፣ አንዲት ሴት ከማዶው በረንዳ ላይ ምንጣፍ እየደበደበች አቧራው ራሷ ላይ ይመለስባታል። አክስትዬ ለብቻዋ ፈገግ አለች። ወንድሟ ሁለቴ እስኪጠራት ድረስ አልሰማችም። ሲመለሱ መኪናው ውስጥ አልተነጋገሩም። እሱ በሥራው ተደስቶ ዝም አለ፣ እሷ የሥጋውን ቅዝቃዜ ጭኗ ላይ እየተሰማት ዝም አለች፤ ሁለቱም አንዱ የሌላውን ዝምታ እንደራሱ ዝምታ ቆጠረው።

ቤት ስትደርስ ማድቤቱ ግማሹ ታሽጎ ነበር፤ ሰሃኖቹ በጋዜጣ ተጠቅልለው ካርቶን ውስጥ ገብተዋል፣ ግድግዳው ላይ ድስት የተሰቀለበት ቦታ ብቻ ነጣ ነጣ ብሎ ቀርቷል። አክስትዬ ሥጋውን በፎጣ አድርቃ ጨውና ቁንዶ በርበሬ አሸችው፣ ወርዱን በክር አሰረችው፣ በጋለ መጥበሻ ዙሪያውን አገላብጣ ምድጃው ውስጥ ከተተችው። የወንድሟ ሚስት ድንች ትልጣለች። ሁለቱ ሴቶች በዚህች ጠባብ ቦታ ስንት ዓመት ትከሻ ለትከሻ ሠርተዋል፤ አንዷ ስትዞር ሌላዋ ሳትጠየቅ ዞር ትላለች። ሲሠሩ ግን ብዙ አያወሩም። «ለአዲሱ ክፍልዎ ብርድ ልብስ ገዝቼልዎታለሁ» አለች ሚስት ከድንቹ ላይ ቀና ሳትል፤ «ወፍራም ነው፣ ያሞቅዎታል።» አክስትዬ «እግዜር ይስጥሽ፣ ልጄ» አለች። ቀጥላ ልትናገር አፏን ከፈተች። የጠዋቱን ሰምቻለሁ ማለት ሰው በር ላይ ቆሜ ሳዳምጥ ነበር ማለት ይሆናል። ብርድ ልብስ የሰጠን ሰው ደግሞ መስኮት ጨምሪልኝ ማለት ያሳፍራል። ውሉ ጠፋባትና አፏን ዘጋች፤ ቢላዋዋን አውጥታ መሞረድ ጀመረች። የእናቷ ቢላዋ ነው፣ ቀጭንና ረጅም፤ ከመሳል ብዛት ወርዱ ተበልቶ አልቋል። የዶለዶመ ቢላዋ ሥጋ አይቆርጥም፣ ይጎትታል፤ የተጎተተ ሥጋ ደግሞ ሰሃን ላይ ያሳፍራል።

እጮኛው ሲመጣ ሥጋው ከምድጃ የወጣበት ሰዓት ነበር። ልጅቱ ባንክ ቤት ነው የምትሠራው፣ እሱ ሊፍት ጠጋኝ ነው። ቀጭን፣ እርጋታ ያለው ልጅ ነው፤ ምን ሆነ ብሎ ሳይጠይቅ የሚነካው ነገር የለም። ገና እንደገባ የማይዘጋውን በር ሁለቴ ከፍቶ ዘጋና «ማጠፊያው ነው» አለ። ወንድሟ ወደደው። ሁሉም ጠረጴዛው ዙሪያ ተቀመጡ፣ የሥጋው ሽታ ቤቱን ሞላው፣ የወንድሟ ሚስት ወደ ማድቤት ብቅ አለች።

«አክስትዬ፣ ይቆረጥ እንጂ፣ ይቀዘቅዛል እኮ!»

«ይረፍ» አለች አክስትዬ። «ከእሳት እንደወጣ ከነካሽው ያለውን ውሃ ሁሉ መክተፊያው ላይ ያፈሰዋል። ሲያርፍ መልሶ ይይዘዋል።»

ሚስት ተመለሰች። አክስትዬ ሥጋውን በወረቀት ሸፍና አጠገቡ ቆመች። እሷም ከጠዋት ጀምሮ ከእሳት እንደወጣ ነበረች። ጠዋት ኮሪደሩ ላይ በሩን በርግዳ ብትገባ ኖሮ እንባዋ ይቀድማት ነበር፣ ነገሩም ጠብ ይሆን ነበር። ግን ሥጋ ከመጠን በላይ ካረፈም ይቀዘቅዛል፤ ስቡ ይረጋል፣ ማንም አይበላውም። ነገ ካርቶኖቹ ይጫናሉ፣ አልጋዋም ከዚያች ክፍል ከገባ በኋላ ማን መልሶ ያወጣዋል? ወረቀቱን ገለጥ አድርጋ ሥጋውን በጣቷ ጫን አለችው። በቅቶታል።

መክተፊያውን ከነሥጋው ጠረጴዛው ላይ አቀረበችው። ይህ የቤቱ ልማድ ነው፤ ሲቆረጥ ማየት የምሳው ግማሽ ነው ይላል ወንድሟ። ማሰሪያውን ክር በጠሰች፣ ሹካውን ሳትወጋ በጎኑ ጫን አድርጋ ያዘችው። ቢላዋውን ከጫፉ ላይ አሳረፈች፣ ሳትጫን ሳበችው፣ ጫፉ ተነጥሎ ወደቀ። ልማዷ ነውና ከጥጉ ስንጥር ታህል ቆርሳ ቀመሰች፤ ጨው ገብቶታል። የተቆረጠውን ገጽ አየች፤ ክሩ ከግራ ወደ ቀኝ ትንሽ ተጋድሞ ይሄዳል። መክተፊያውን ሩብ ዙር አዞረችው፣ ቢላዋውን በክሩ ላይ አግድም አድርጋ መቁረጥ ጀመረች። ቁራጮቹ ስስ ሆነው አንዱ በሌላው ላይ ይጋደማሉ፤ መሃላቸው ቀላ ያለ፣ ዳራቸው የጠቆረ፣ እርጥበታቸው ውስጣቸው የቀረ። መክተፊያው ላይ ጠብ ያለ ውሃ የለም። ከዚያ ወንድሟ እንደ ልማዱ እጁን አነሳ።

«ጫፉን ለአክስትዬ!»

«ጫፉን ለአክስትዬ!» አለች ልጅቱም እየሳቀች፣ ወደ እጮኛዋ ዞራ «ጫፍ ነው የምትወደው፤ ማንም እንዳይነካባት» አለችው። ጫፉን በሹካ አንስታ አክስቷ ሰሃን ላይ አኖረችው።

እጮኛው ጫፉን አየ፣ አክስትዬን አየ። «ለምንድነው የሚወዱት?» አለ።

ሽሙጥ አልነበረም። በሩን እንደጠየቀው ነው የጠየቃት። አክስትዬ ቢላዋውን እንደያዘች ቆመች። በዚህ ሁሉ ዘመን ለምን ብሎ የጠየቃት ሰው እንደሌለ ያን ጊዜ ገባት፤ ለመጠየቅ ቤቱ ውስጥ ያላደገ ሰው አስፈለገ።

«ወድጄው አላውቅም» አለች።

ልጅቱ «አክስትዬ!» አለች፤ ቀልድ መስሏት ልትስቅ ነበር፣ ግን የአክስቷን ፊት አይታ ተወችው። አክስትዬ ቢላዋውን መክተፊያው ላይ አጋደመች። ቆራጭ ጫፉን የምትቀምሰው ለሥራ እንደሆነ፣ ጨውና ብስለት ለማወቅና ክሩን ለማየት እንደሆነ፣ ከእናቷ እንደተማረችው ነገረቻቸው። ድምጿን ከፍ አላደረገችም፣ ማንንም አልወቀሰችም። «አንቺ ሕፃን ሆነሽ አየሽኝና ትወዳለች አልሽ። ቤቱ ሲስቅ ደስ አለኝ። ከዚያ በኋላ እናንተ ደስ ሲላችሁ እኔ በላሁት» አለች። ልጅቱ ዓይኗ እንባ ሞላ። የድንቹ ጭልፋ በወንድሟ ሚስት እጅ አየር ላይ ቀረ።

ወንድሟ ግን ጫፉን እያየ ነበር። ፊቱ ቀልቷል፤ ከማፈሩ ሌላም ነገር ነበረው። «እኔ እኮ...» አለና ጉሮሮውን ጠረገ። «እኔ እኮ እወደዋለሁ።»

«ምኑን?» አለች ሚስቱ።

«ጫፉን ነዋ። እማዬ ከሥራ ስትመለስ በወረቀት ጠቅልላ የምታመጣልኝ እሱን ነበር። ከሁሉም ከሁሉም እሱን ነው የምወደው። ግን እታለም ከወደደችው ከአፏ እንዴት ልንጠቃት?»

ይህን ሰምቶ መጀመሪያ የሳቀው ማን እንደሆነ አይታወቅም፤ ምናልባት እጮኛው ነው፣ ሳቁን ለማፈን ሲታገል አመለጠው። ከዚያ ሁሉም ሳቁ፣ ልጅቱ እንባዋን በመሃረብ እየጠረገች ሳቀች። አክስትዬም ሳቀች፤ ሳቋ ውስጥ ግን ከእናቷ ጋር አብረው ቆመው ጫፎቹን ጋዜጣ ላይ ሲጠቀልሉ፣ እናቷም «ለዚያ ለተንኮለኛው» ስትል ታያት። ረስታው ነበር። እሷ የማትወደውን ስትበላ፣ እሱ የሚወደውን ሲሰጥ፣ ሁለቱም በፍቅር እየተራቡ ስንት ምሳ አለፈ! ጫፉን በሹካ አንስታ ወንድሟ ሰሃን ላይ አኖረችው። ወንድሟ ዙሪያውን አየ፣ እንደ ልጅ አፈር አለ፣ ከዚያ ሳይቆርስ እንዳለ ወደ አፉ አስጠጋው።

«ሌላስ?» አለ፤ ግማሹ ቀልድ፣ ግማሹ ስጋት ነው። «ሌላ የማትወጂው አለ?» ብሎ ጎረሰው።

«አለ» አለች አክስትዬ። «መስኮት የሌለው ክፍል አልወድም። ዕድሜዬን ሁሉ ከመሬት በታች ሠርቻለሁ። ከዚህ በኋላ ሲነጋ ማየት ነው የምፈልገው።»

ሳቁ ቆመ። ወንድሟ ሊመልስላት አልቻለም፤ አፉ ሞልቷል፣ ጫፍ ደግሞ በችኮላ አይዋጥም። ሁሉም መንጋጋውን ያዩ ጀመር። ያኝካል፣ ወደ ሌላው ጉንጩ ያዞራል፣ እንደገና ያኝካል፤ ዓይኖቹ አክስትዬ ላይ ናቸው፣ የቀን ብርሃን የሚመስለውን አምፖል እያስታወሰ መሆን አለበት፣ ቀስ በቀስ ረጠቡ። ሚስቱ የድንቹን ጭልፋ አስቀመጠች። «ሶፋው እኮ በዚያችኛዋ በር አይገባም» አለች ቀስ ብላ፣ ለራሷ ይመስል። አክስትዬ ምላሷ ጫፍ ላይ «ግድ የለም፣ ተይው» የሚል ነገር መጣ፤ የለመደ ነገር ነው፣ ሳይጠሩት ይመጣል። ጠረጴዛውን በሁለት እጇ ያዘችና መልሳ ዋጠችው።

ወንድሟም ዋጠ። ውሃ ጠጣበት።

«እንግዳ ከማድቤቱ ጎን ይተኛል» አለ። «ሶፋው ካልገባ ይሸጣል።» ወደ ሚስቱ ዞረ። «እህትሽ ሁለት ቀን መስኮት ባታይ ምንም አትሆንም።»

ሶፋውን የመረጠችው ሚስቱ ናት፤ ቀለሙን ከመጋረጃው ጋር ለማስማማት ስንት ሱቅ ዞራለች። ሰሃኗን አየች፣ መክተፊያውን አየች፣ የጠዋቱን የስልክ ወሬ ያስታወሰች ይመስል የኮሪደሩን በር አየች። አክስትዬም አየቻት። ከዚያ ሚስት ከወንበሯ ተነሳች፣ ሹካውን አነሳች፣ ሥጋው ላይ አጎንብሳ ከመሃል አንዱን ቁራጭ ለየች፤ ወደ አክስትዬ ሰሃን ከማሻገሯ በፊት ግን እጇን አቆመች።

«የቱን ላድርግልዎት?» አለች።

እንዲህ ተብላ ተጠይቃ አታውቅም ነበርና አክስትዬ ጊዜ ወሰደች። ቁራጮቹን አንድ በአንድ አየቻቸው።

«ይሄ ወፈረ» አለች። «ከሱ ቀጥሎ ያለውን፣ ሳሳ ያለውን አድርጊልኝ።»